ለ4ኬ ጨዋታ የሚሆን የምስል ገመድ አመራረጥ፦ ከጥገና ጠረጴዛዬ ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒውተርና የጌም ኮንሶል ጥገና እሠራለሁ። ቤቴም አንድ ኮምፒውተር ከ4ኬ ሞኒተር ጋር፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ጋር ተያይዘው ይሠራሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ዕቃው ተበላሸ» ተብለው ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ኮንሶሎችና ግራፊክስ ካርዶች (የኮምፒውተሩን ምስል የሚያመነጩ ሰሌዳዎች) መካከል ጥቂት የማይባሉት አንዳች ብልሽት የሌለባቸው ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ችግሩ ባለቤቱ ቤት በቀረው ገመድ ላይ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ትልቅ ገንዘብ አውጥቶ 4ኬ ስክሪን የገዛ ሰው በገመድ ምክንያት የከፈለበትን ነገር ሳያገኝ እንዳይቀር፣ ወይም በተቃራኒው ለማያስፈልገው ገመድ ያለ አግባብ ገንዘቡን እንዳያፈስ በማሰብ ነው።

በመጀመሪያ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውን ነጥብ ላስቀምጥ። የዲጂታል ገመድ ምስልን አያሳምርም፣ ቀለምን አያደምቅም፣ የጨዋታውንም ፍጥነት አይጨምርም። ሥራው ከላኪው ዕቃ የወጣውን መረጃ ሳያጎድል ለስክሪኑ ማድረስ ብቻ ነው፤ እስካደረሰ ድረስ ርካሹም ገመድ ውዱም ገመድ የሚያሳዩት ምስል አንድ ነው። ጫፉ ላይ የሚቀባው ወርቅ ብረቱ እንዳይዝግ ይረዳል እንጂ ከዚያ ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህ «ጥሩ ገመድ የትኛው ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የእኔ ዕቃ በሰከንድ ምን ያህል መረጃ ይልካል? ገመዱስ ያን ያህል መረጃ እስከ ስንት ሜትር ድረስ ያደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሰማ ሻጭ ውዱን ገመድ ያነሳል፤ ሁለተኛውን የሰማ ግን ማሸጊያውን ገልብጦ ማንበብ ይጀምራል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 4ኬ የምንለው ስክሪን በአግድም 3840፣ በቁመት 2160 ፒክሰሎች (የምስል ነጥቦች) ያሉት ሲሆን ሁለቱ ሲባዙ 8,294,400 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ፒክሰል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት (ቢት ትንሹ የመረጃ መለኪያ ነው) ሲመደብ አንዱ ፒክሰል 24 ቢት ይወስዳል፣ ኤችዲአር (ብርሃንና ጨለማን በሰፊው ለይቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) ሲከፈት ደግሞ በተለምዶ ለእያንዳንዱ ቀለም 10 ቢት ስለሚመደብ 30 ቢት ይሆናል። ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ ማለትም በ60 ሄርዝ፣ በ8 ቢት 11.9 ጊጋቢት (ጊጋቢት አንድ ቢሊዮን ቢት ነው) ገደማ ይደርሳል። በ120 ሄርዝ 23.9 ጊጋቢት፣ በ120 ሄርዝ ላይ ኤችዲአር ሲጨመርበት ደግሞ 29.9 ጊጋቢት ገደማ ነው። በምስሎቹ መካከል ያለው ባዶ ክፍተትም በገመዱ ላይ ቦታ ይይዛል፤ በቴሌቪዥን አሠራር ይህ ጭማሪ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፣ በኮምፒውተር ሞኒተሮች ግን ከዚያ ያነሰ ነው።

በሌላ በኩል በማሸጊያ ላይ የሚጻፈው አቅም በሙሉ ለምስል አይውልም፤ ከፊሉ መረጃው ሳይዛባ እንዲደርስ ለሚደረገው ኮድ ይሄዳል። ኮንሶልን ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው የገመድና የመሰኪያ ሥርዓት ኤችዲኤምአይ ይባላል። በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ይባልለታል፤ ለምስል የሚተርፈው ግን 14.4 ነው። 4ኬ በ60 ሄርዝና በ8 ቢት ከነባዶ ክፍተቱ 14.3 ገደማ ስለሚሆን ለጥቂት ይበቃዋል። ኤችዲአር በተከፈተ ጊዜ ግን ሙሉው ቀለም አያልፍም፤ ዕቃው ቀለሙን በከፊል ቀንሶ ለመላክ ይገደዳል። በ2017 መጨረሻ የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 አቅሙን ወደ 48 ጊጋቢት ያሳደገው በተሻለ የኮድ ዘዴ ስለሆነ ከ42 በላይ የሚሆነው ለምስል ይተርፋል፤ ለዚህ ነው 4ኬን በ120 ሄርዝ ከኤችዲአርና ከሙሉ ቀለም ጋር ያለ ምንም ጭመቃ ማሳለፍ የሚችለው።

ቀለም መቀነስ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣልና። 4፡2፡2 በሚባለው አላላክ የእያንዳንዱ ፒክሰል ብርሃን እንዳለ ይላካል፣ ቀለሙን ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፒክሰሎች ይጋራሉ። ከሦስት ሜትር ርቀት ሶፋ ላይ ተቀምጦ እግር ኳስ ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ አይታይም፤ እኔም በቴሌቪዥኔ ላይ ለይቼው አላውቅም። ፕሌይስቴሽን 5 ራሱ የሚልከው እስከ 32 ጊጋቢት በመሆኑ በ4ኬ 120 ሄርዝ ከኤችዲአር ጋር በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ በኮንሶሉ የመረጃ ገጽ ላይ ይህን ያየ ሰው ገመዱን ሊጠረጥር አይገባም። ፊት ለፊት በተቀመጠ የኮምፒውተር ሞኒተር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ ያለ ቀይ ወይም ሰማያዊ ትንንሽ ጽሑፍ ዙሪያው ይደበዝዛል፣ ዓይንንም ያደክማል። ኮምፒውተሩን ለጨዋታም ለሥራም የሚጠቀም ሰው ሙሉ ቀለም እንዲያልፍለት መትጋት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ገበያው ስንገባ የመጀመሪያው ግራ መጋባት ቁጥሩ ነው። በየሱቁ «ይህ 2.1 ነው፣ ያኛው 2.0 ነው» ይባላል። ነገር ግን 2.0 እና 2.1 የሚባሉት ቁጥሮች የዕቃዎቹን ሥርዓት የሚገልጹ ናቸው፤ ገመድ በይፋ የሚለየው በቁጥር ሳይሆን በደረጃ ስም ነው። «ሃይ ስፒድ» የሚባለው ለ4ኬ 30 ሄርዝ፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚባለው እስከ 18 ጊጋቢት ተፈትኖ ለ4ኬ 60 ሄርዝ፣ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚባለው ደግሞ እስከ 48 ጊጋቢት ተፈትኖ ለ4ኬ 120 ሄርዝና ከዚያ በላይ የተዘጋጀ ነው። ይህ የመጨረሻው ስም በፈረንጅ ፊደል በገመዱ ልባስ ላይ ታትሞ መገኘት አለበት። ማሸጊያው ላይም ኪውአር ኮድ ያለበት የማረጋገጫ ስቲከር ይለጠፋል፤ የኤችዲኤምአይ ፈቃድ ሰጪው ድርጅት ባዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ ሲነበብ የአምራቹን ስም፣ የገመዱን ሞዴልና ርዝመቱን ያሳያል። በመተግበሪያው ላይ የወጣው ርዝመት እጅ ላይ ካለው ገመድ ጋር ካልተስማማ፣ ስቲከሩ የሌላ ዕቃ ነው ማለት ነው።

መርካቶ ገብቼ ለደንበኛ ገመድ ስገዛ ይህን መተግበሪያ ሳልከፍት ገንዘብ አላወጣም። አንዳንድ ሻጮች መጀመሪያ ይገረሙ ነበር፤ አሁን ግን የሚያውቁኝ ራሳቸው «ወንድሜ፣ ይኼኛው ኮዱ ይነበባል» እያሉ ለይተው ያስቀምጡልኛል። ማሸጊያው ላይ «8ኬ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈ፣ ግን ስቲከርም ሆነ በልባሱ ላይ የደረጃ ስም የሌለው ገመድ ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል የሚሠራ የለም አልልም፤ አጭር ከሆኑት ውስጥ 4ኬ 120 ሄርዝን ሳይንገዳገዱ ያሳለፉልኝ አሉ። ነገር ግን ከተመሳሳይ ካርቶን የወጡ ሁለት ገመዶች የተለያየ ጠባይ ሲያሳዩ አይቻለሁ፤ የማረጋገጫው ጥቅም ከዕድል ጋር መደራደርን ማስቀረቱ ነው። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ሊልክልን ሲነሳም «ጥሩ ኤችዲኤምአይ አምጣልኝ» ከማለት ይልቅ «አልትራ ሃይ ስፒድ የሚል ስቲከር ያለበት፣ ሁለት ሜትር» ብሎ በጽሑፍ መላክ ለሁለቱም ወገን ድካም ይቀንሳል።

አዲስ ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የገዛ ሰው ግን ገመድ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም። ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ገመድ ለዚሁ አቅም የተሠራ ስለሆነ፣ ርቀቱ ከበቃው በእሱ መጠቀም ነው። በእኛ ከተማ ችግሩ የሚመጣው ኮንሶሉ ያገለገለ ሆኖ ሲገዛ ነው። ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ዋናው ገመድ የሆነ ቦታ ቀርቶ ከድሮ ዲኮደር የተነቀለ ገመድ ይተካበታል። ገዢው መሳሪያውን ሲፈትን ምስል ስላየ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ 120 ሄርዝ ሲከፍት ነው ነገሩ የሚገለጠው።

አቅም ያነሰው ገመድ የሚያሳያቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው። አንዱ በስክሪኑ ላይ እዚህም እዚያም ብልጭ ብለው የሚጠፉ ነጭ ነጥቦች ናቸው። ሌላው ምስሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ጨልሞ መመለሱ ነው፤ አንድ ወጣት ደንበኛ «ጋሼ፣ ጌሙ በየመሃሉ ጥቁር ይላል» ብሎ ሲያስረዳኝ ኮንሶሉን ከመፍታቴ በፊት የምጠይቀው ገመዱን ይዞ እንደመጣ ነው። ሦስተኛው ግን በዓይን የሚታይ ምልክት የለውም፣ ስለዚህም ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። በኤችዲኤምአይ 2.1 አሠራር ላኪውና ስክሪኑ ምስል ከመጀመሩ በፊት ገመዱን በየፍጥነቱ ይፈትኑታል፤ በ48 ካልተሳካ ወደ 40፣ ከዚያም ወደ 32፣ ወደ 24 ሊወርዱ ይችላሉ። ተጫዋቹ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያይ በ60 ሄርዝ ወይም በተቀነሰ ቀለም ለወራት ሊጫወት ይችላል። ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ ጥቃቅን ስህተቶችን በራሱ የሚያርም በመሆኑ፣ በገደቡ ጫፍ ላይ የሚሠራ ገመድ ችግሩን ሸፍኖ ይቆይና ትንሽ ሲታጠፍ ወይም ሶኬቱ ሲላላ በድንገት ይወድቃል።

ስለዚህ ምስል መታየቱን ብቻ አይተን መርካት የለብንም፤ ምን እየተላከ እንዳለ ማንበብ ያስፈልጋል። በፕሌይስቴሽን 5 በማስተካከያው ውስጥ ስለ ስክሪንና ቪዲዮ በሚለው ክፍል የቪዲዮ ውጤት መረጃ የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ የምስሉ ጥራት፣ ሄርዙና የቀለሙ አላላክ ተዘርዝረው ይታያሉ። በዚሁ ክፍል የ4ኬ ማስተላለፊያ ፍጥነትን በአንድና በሁለት ደረጃ ዝቅ ማድረጊያ ምርጫም ይገኛል። የሚጨልመው ምስል ፍጥነቱ ዝቅ ሲደረግ ከተረጋጋ፣ ጥርጣሬው ከኮንሶሉ ይልቅ ወደ ገመዱ ወይም ገመዱ ወደሚሰካበት ፖርት ያዘነብላል። በዊንዶውስ ደግሞ የላቀ ማሳያ በሚለው ገጽ ላይ ሄርዙና የቢቱ መጠን ይነበባሉ፤ እዚያው ላይ ሄርዙን ራስ መምረጥ ግድ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ ሞኒተር ሲሰካ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ በ60 ይቆያል። ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዝተው በ60 ሲጫወቱ የቆዩ ሰዎችን በዚህ አንድ ምርጫ ብቻ አስደስቻቸዋለሁ፤ ገመዳቸው ምንም አልጎደለውም ነበር።

ገመዱ ደህና ሆኖ 120 የማይታየው ደግሞ አንዳንዴ በቴሌቪዥኑ ምክንያት ነው። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ አራት ፖርት ቢኖርም 120 ሄርዝ የሚቀበሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከፖርቱ አጠገብ ምልክት ይደረግባቸዋል። በትክክለኛው ፖርት ላይ ከተሰካም በኋላ ሙሉ አቅሙ እንዲከፈት በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ማብራት ያስፈልግ ይሆናል፤ ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ሶኒ «ኢንሃንስድ ፎርማት»፣ ኤልጂ «ኤችዲኤምአይ ዲፕ ከለር» በሚሉ ስሞች ያስቀምጡታል። «ኤችዲኤምአይ 2.1 አለው» የሚለው የማስታወቂያ ቃልም በራሱ በቂ አይደለም፤ በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት አዳዲስ ችሎታዎች ግዴታ ስላልሆኑ አምራቹ የመረጠውን ብቻ አካቶ ቁጥሩን መጠቀም ይፈቀድለታል። ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት «4ኬ በ120 ሄርዝ ይቀበላል ወይ?» ተብሎ በቀጥታ ነው።

ርዝመት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው። በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ፈጣን ምልክት በየሜትሩ ይደክማል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ድካሙ ይበዛል። በ18 ጊጋቢት ያለ ችግር ሲያገለግል የኖረ የአምስት ሜትር ገመድ በ48 ጊጋቢት መውደቁ የሚጠበቅ ነው። ከልምዴ ለ4ኬ 120 ሄርዝ በመዳብ ገመድ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ያለ ሐሳብ እገዛለሁ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ባለው ውስጥ ማረጋገጫ ያለውን ብቻ፣ ያውም ሱቁ ሊቀይርልኝ ከተስማማ ነው የምወስደው። ረጅም የመዳብ ገመድ ምልክቱን እንዲሸከም ሲባል ወፍራም ይደረጋል፤ ወፍራም ገመድ ደግሞ ግድግዳ ጋ በተጠጋ ቴሌቪዥን ላይ ፖርቱን በክብደቱ ወደ ታች ይጎትታል። የተጎተተ ፖርት ከሰሌዳው ላይ እየተላቀቀ እኔ ዘንድ ስለሚመጣ፣ ገመዱ ከፖርቱ አጠገብ በማሰሪያ ተይዞ ክብደቱ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ ሁልጊዜ እመክራለሁ። «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም መግዛትም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ከአምስት ሜትር በላይ ሲሆን መፍትሔው ኦፕቲካል ገመድ ነው። በዚህ ዓይነት ገመድ ውስጥ ፈጣኑ መረጃ በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ይጓዛል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን መልሰው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ትንንሽ ቺፖች አሉ። አሥርና ከዚያ በላይ ሜትር ላይ 48 ጊጋቢት ማድረስ የሚችል፣ ቀጭንና ቀላል ገመድ ነው። በሁለት ነገሮች ግን ከተለመደው ይለያል። አንደኛ፣ አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ የላኪው፣ ሌላው የስክሪኑ ተብሎ ተጽፎበታል፣ ተገልብጦ ከተሰካ ምስል ጨርሶ አይመጣም። ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት የትኛው ጫፍ ወዴት እንደሚወጣ ማረጋገጥ የግድ ነው። ሁለተኛ፣ መስታወት ስለሆነ በጠባብ ማዕዘን መታጠፍን አይችልም፤ በምስማር አጥብቆ መምታት ወይም በበር ሥር ማሳለፍ ክሩን ይሰብረዋል፣ የተሰበረ ደግሞ አይጠገንም። ቺፖቹ ኃይል የሚወስዱት ከላኪው ዕቃ ፖርት በመሆኑ አንዳንዶቹ ከዩኤስቢ ተጨማሪ ኃይል መቀበያ ይዘው ይመጣሉ፤ ለረጅም ርቀት እኔ ይህን ዓይነቱን እመርጣለሁ።

ለኮምፒውተር ተጫዋች ከኤችዲኤምአይ ሌላ ያለው ሁለተኛው የገመድና የመሰኪያ ሥርዓት ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ያዘጋጀው ዲስፕሌይፖርት ነው። በ2016 የወጣው ዲስፕሌይፖርት 1.4 በስም 32.4፣ ለምስል ደግሞ 25.9 ጊጋቢት ገደማ አለው። ይህ ለ4ኬ 120 ሄርዝ በ8 ቢት ልክ ልክ ነው፤ ለ144 ሄርዝ ከኤችዲአር ጋር ግን አይበቃም። ጉድለቱን የሚሞላው ዲኤስሲ የተባለው ጭመቃ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ጨምቆ ይልካል፣ ሞኒተሩ ይፈታዋል፣ ሁለቱም ይህን ችሎታ ከያዙ በራሱ ይሠራል። «ጭመቃ» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያስፈራል፤ ቤቴ ባለው ሞኒተር ላይ ጨዋታም ጽሑፍም እያየሁ ልዩነት ልፈልግ ሞክሬ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ለመሸሽ ብቻ ሲባል ውድ ዕቃ መግዛትን አልመክርም። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 30 እና 40 ካርዶች ዲስፕሌይፖርት 1.4 እና ኤችዲኤምአይ 2.1 ያላቸው በመሆኑ፣ ሞኒተሩ ሙሉ 48 ጊጋቢት የሚቀበል ከሆነ በእነዚህ ካርዶች ላይ ኤችዲኤምአይው ሰፊው መንገድ ነው። በ2025 የወጡት አርቲኤክስ 50 ካርዶች ግን እስከ 80 ጊጋቢት የሚደርስ ዲስፕሌይፖርት 2.1 ይዘዋል፤ የኤኤምዲ አርኤክስ 7000 ተከታታይም በ2022 እስከ 54 ጊጋቢት ያለውን ይዞ ነበር የመጣው። ለእነዚህ የሚሆኑ የተረጋገጡ ገመዶች ዲፒ40፣ ዲፒ54 እና ዲፒ80 ተብለው ይለያሉ። ዲፒ80 ያለ ቺፕ የተሠራው አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው አስቀድሞ ርቀቱን ይለካ።

በኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ ጭኖ በኤኤምዲ ካርድ ለሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ማስታወሻ አለኝ። ኤኤምዲ የኤችዲኤምአይ 2.1 ሙሉ ችሎታን ለክፍት ምንጭ ድራይቨሩ (ካርዱን ለሚያሠራው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነው ፕሮግራም) ለማዘጋጀት ያቀረበው ሐሳብ በ2024 ሥርዓቱን በሚያወጣው በኤችዲኤምአይ ፎረም ውድቅ ተደርጓል። ለዚህ ዓይነቱ ተጠቃሚ ሞኒተሩን በዲስፕሌይፖርት ማገናኘት አስተማማኙ መንገድ ነው።

ስለ ርካሽ የዲስፕሌይፖርት ገመዶች ከጥገና ሥራዬ የማውቀው አንድ ልዩ ጉዳት አለ። በፖርቱ ላይ 20ኛው ፒን ለአዳፕተሮች የሚሆን 3.3 ቮልት የሚሰጥ ነው፤ ሁለት ዕቃዎችን በቀጥታ በሚያገናኝ ገመድ ውስጥ ይህ ፒን ከዳር እስከ ዳር መገናኘት የለበትም። ሥርዓቱን ያልጠበቁ ገመዶች ያገናኙታል፤ በዚህ ጊዜ ከሞኒተሩ የሚወጣው ኃይል ወደ ግራፊክስ ካርዱ ተመልሶ ይገባል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ በካርዱ ላይ ያለ መብራት በደብዛዛው መብራቱ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ካልተነቀለ በቀር አልነሳም ማለቱ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። መልቲሜትር ያለው ሰው በሁለቱ ጫፎች 20ኛ ፒኖች መካከል ግንኙነት መኖሩን መፈተሽ ይችላል፤ ከጮኸ ገመዱን ይጣለው። ሌላው ጉዳት የሚደርሰው ሲነቀል ነው። ዲስፕሌይፖርት አብዛኛውን ጊዜ መቆለፊያ ጥርስ ስላለው ከላይ ያለውን ቁልፍ ሳይጫኑ መጎተት ፖርቱን ከካርዱ ይነቅለዋል፤ ይህን መጠገን የሚቻል ቢሆንም ቀላል ሥራ አይደለም።

አዳፕተሮችን በአጭሩ ልለፋቸው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር በተቃራኒው አቅጣጫ አይሠራም፤ ርካሾቹም በ4ኬ 30 ወይም 60 ሄርዝ ላይ ይቆማሉ። ላፕቶፕ በዩኤስቢ-ሲ ለማገናኘት የፈለገ ሰው ስልክ ለመሙላት የተሠራ ገመድ ቅርጹ አንድ ቢሆንም ምስል እንደማያሳልፍ ይወቅ፤ የላፕቶፑም ፖርት ምስል የሚያወጣ መሆኑን ከመመሪያው ያረጋግጥ።

በእኛ አገር ቤቶች ላይ በተለይ የምጨነቅበት ነገር የኤሌክትሪኩ መስመር ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ባልተዘረጋበት ቤት ውስጥ፣ በተለያየ ሶኬት ላይ የተሰኩ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር አካላቸው ላይ የተለያየ ቮልት ሊኖር ይችላል፤ ብረታቸውን ሲነኩ የሚሰማው መንዘር የዚህ ምልክት ነው። ሁለቱ ሥራ ላይ እያሉ ገመድ ሲሰካ ያ ልዩነት በፖርቱ በኩል መንገድ ያገኛልና ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱንም አጥፍቶ፣ ከኃይል ነቅሎ፣ ከዚያ ገመዱን መሰካት፤ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማድረግ፤ ከተቻለም የመሬት መስመሩን ማስዘርጋት ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤት ላላቸው ደንበኞቼ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ገመድ በቀን ብዙ ጊዜ ይነቀላል፣ ይሰካል።

አዲስ ገመድ እንደተገዛ በዚያው ቀን መፈተን አለበት፤ የመቀየር ዕድሉ በኋላ ይጠባልና። ፈተናው ዕቃው የሚችለውን ከፍተኛውን መጠን፣ ማለትም 4ኬ፣ 120 ሄርዝና ኤችዲአር አብሮ ከፍቶ፣ በመረጃ ገጹ ላይ ማንበብና ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ መጫወት ነው። እየተጫወቱ ገመዱን በሁለቱም ጫፍ በቀስታ ማነቃነቅ፤ ምስሉ ከጠፋ ወይም ከተብለጨለጨ መመለስ። ችግር ሲገኝ አንድን ነገር ብቻ እየቀየሩ መሄድ ይገባል፤ መጀመሪያ አጭርና የተረጋገጠ ገመድ ተውሶ መሞከር፣ ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን ፖርት መቀየር፣ ኮንሶሉን መጠርጠር የመጨረሻው ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ጥፋቱ የየትኛው እንደነበረ ሳያውቅ ይቀራል።

ስለ 8ኬ የሚጠይቁኝም አሉ። 8ኬ የ4ኬን አራት እጥፍ፣ ከ33 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል የያዘ ስለሆነ በ60 ሄርዝና በ10 ቢት 60 ጊጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ የዛሬው 48 ጊጋቢት ገመድ የሚያሳልፈው ከጭመቃ ወይም ከቀለም ቅነሳ ጋር ነው። በ2025 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.2 አቅሙን ወደ 96 ጊጋቢት አሳድጎ አልትራ96 የተባለ አዲስ የገመድ ደረጃ አምጥቷል። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ወይም በ4ኬ የሚጫወት ሰው ግን ከዚህ አቅም የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ፣ ለወደፊት ተብሎ ዛሬ ዋጋ መጨመርን አልደግፍም። ቤት እያሠራ ወይም ሳሎኑን እያደሰ ያለ ሰው ለወደፊቱ መዘጋጀት ከፈለገ የተሻለው ነገር ገመዱን በልስን ውስጥ አለመቅበር ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እስከ ኮንሶሉ መደርደሪያ የኤችዲኤምአይ ጫፍ በቀላሉ የሚያልፍበት ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ያስዘርጋ፣ መታጠፊያዎቹን በሹል ማዕዘን ሳይሆን በሰፊው ያስዙር፣ በውስጡም ጠንካራ ሲባጎ ያስቀር፤ ገመድ መለወጥ ሲያስፈልግ አዲሱ በሲባጎው ተስቦ ይገባል።